ሀብትና ክብር፦ የነጋዴዎች ማኅበራዊ ተጽዕኖ በቻይና ከሚንግ ሥርወ መንግሥት እስከ ቺንግ ፍጻሜ (1368–1911)

አኅጽሮተ ጥናት

በጥንታዊው የቻይና ማኅበራዊ አስተሳሰብ ነጋዴ ከአራቱ የሕዝብ ክፍሎች የመጨረሻው ነው። ይሁን እንጂ በሚንግና በቺንግ ዘመን ነጋዴዎች ትምህርት ቤት ሲያሠሩ፣ የጦር ዘመቻ ወጪ ሲሸፍኑ፣ በገቡበት ከተማ ዳኝነት ሲሰጡና ልጆቻቸውን ለከፍተኛ ሹመት ሲያበቁ እናገኛቸዋለን። ይህ አጭር ጽሑፍ በአስተሳሰብ ደረጃ ዝቅ የተደረገ የኅብረተሰብ ክፍል ይህን ያህል ተጽዕኖ ሊያገኝ የቻለው በምን መንገድ እንደሆነ የኋይጆውንና የሻንሺን ነጋዴዎች በማነጻጸር ይመረምራል። የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ የነጋዴው ተጽዕኖ የመነጨው ከገንዘቡ ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ገንዘብን ወደ ክብርና ወደ መተማመን ከሚለውጡ ተቋማት ነው፤ ነገር ግን የሀብቱ ምንጭ በአብዛኛው የመንግሥት ፈቃድ ስለነበረ፣ ተጽዕኖው ከመንግሥቱ ዕጣ ሊላቀቅ አልቻለም።

1. መግቢያ

ጀርመናዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ማክስ ቬበር በ1915 ማሳተም በጀመረው የቻይና ጥናቱ የቻይና ከተሞች እንደ አውሮፓ ከተሞች የራሳቸው አስተዳደርና የነጋዴ ዜጋ መብት እንዳልነበራቸው፣ የኮንፊሽየስ ሥነ ምግባርም ለዘመናዊ ካፒታሊዝም መነሻ የሚሆን ግፊት እንዳልሰጠ ተከራክሯል። ይህ አስተያየት ለረጅም ጊዜ የመስኩ መነሻ ሆኖ ቆይቷል። ከ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ግን ብርቱ ትችት ገጥሞታል። የታሪክ ሊቁ ዩ ዪንግሺ በ1987 ባሳተመው ሥራው ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በቻይና የነጋዴ ሥነ ምግባር መዳበሩን፣ ሊቃውንቱም ለንግድ የነበራቸው አመለካከት መለወጡን አሳይቷል። ዊልያም ሮው ደግሞ በ1984 እና በ1989 በታተሙት ሁለት መጻሕፍቱ የሃንኮውን የንግድ ከተማ ምሳሌ አድርጎ፣ የነጋዴ ማኅበራት በተግባር ብዙ የከተማ አገልግሎቶችን ያከናውኑ እንደነበር አስረድቷል።

ክርክሩ የታሪክ ሊቃውንት የቃላት ልዩነት ብቻ አይደለም። አንድ ኅብረተሰብ ለነጋዴው የሚሰጠው ቦታ ሀብት የት እንደሚውል፣ ማን እንደሚማር፣ ማንስ ለመንግሥት «እምቢ» ለማለት እንደሚችል ይወስናል። ስለዚህ ጥያቄው ነጋዴዎች ሀብታም ነበሩ ወይስ አልነበሩም የሚል ሳይሆን፣ ሀብታቸው ምን ዓይነት ሥልጣን አስገኘላቸው የሚል ነው።

ጽሑፉ የተመሠረተው በታተሙ ጥናቶች ላይ ሲሆን፣ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው የዘመን አቆጣጠር ናቸው።

2. አራቱ የሕዝብ ክፍሎችና የክፍፍሉ ትርጉም

በጥንታዊ የቻይና ጽሑፎች ሕዝብ በአራት ይከፈላል፤ እነርሱም ሊቃውንት፣ ገበሬዎች፣ የእጅ ጥበብ ባለሙያዎችና ነጋዴዎች ናቸው። ይህ ክፍፍል በሕንድ እንደሚታወቀው በትውልድ የተወሰነ መደብ አልነበረም። የገበሬ ልጅ ሊቅ፣ የነጋዴ ልጅም ገበሬ ሊሆን ይችል ነበር። ክፍፍሉ የሚያመለክተው በዋናነት መንግሥት ለየሥራው የሚሰጠውን ግምት ነው። ገበሬ እህል ያመርታል፣ ግብር ይከፍላል፣ ለዘመቻ ይጠራል፤ ከመሬቱ ስለማይርቅም ተመዝግቦ ይገኛል። ነጋዴ ግን ተንቀሳቃሽ ነው፤ ሀብቱ በመዝገብ ለመያዝ ያስቸግራል፤ በችጋር ጊዜ እህል አከማችቶ ዋጋ ሊያንር ይችላል። ስለዚህ ነጋዴው የተጠረጠረው ሥራው ጥቅም የለሽ ነው ተብሎ ብቻ ሳይሆን፣ ለቁጥጥር የማይመች ኃይል ስለነበረ ጭምር ነው።

የሃን ሥርወ መንግሥት መሥራች (ከ202 እስከ 195 ቅድመ ክርስቶስ የነገሠው) ንጉሠ ነገሥት ጋዎዙ ነጋዴዎች ሐር እንዳይለብሱና በሠረገላ እንዳይጓዙ ከልክሏል፤ ከባድ ግብርም ጥሎባቸዋል። ክልከላው ራሱ ግን ሌላ ነገር ይመሰክራል፤ ሐር ለመልበስ አቅም የሌለው ሰው ሐር አትልበስ ተብሎ አይታዘዝም። ቀደም ሲል በ3ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ክርስቶስ ነጋዴው ሉ ቡዌይ በቺን መንግሥት ዋና አማካሪ እስከ መሆን ደርሷል። ታላቁ የታሪክ ጸሐፊ ሲማ ቺየንም በታሪክ መጽሐፉ ውስጥ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለሀብት ሰብሳቢዎች መድቦ፣ ሰዎች ጥቅማቸውን መፈለጋቸው ተፈጥሯዊ መሆኑን ገልጿል።

የመንግሥትና የነጋዴ ግንኙነት ግን ከፉክክር ይልቅ ወደ መጠቃለል ያመራ ነበር። በ2ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ክርስቶስ መጨረሻ ንጉሠ ነገሥት ዉ ጨውና ብረትን በመንግሥት ሞኖፖል ሥር ባደረገ ጊዜ፣ ከሥራው ዋና መሪዎች አንዱ የሎያንግ ነጋዴ ልጅ የነበረው ሳንግ ሆንግያንግ ነው። በ81 ቅድመ ክርስቶስ በቤተ መንግሥት በተካሄደው ታዋቂ ክርክር የኮንፊሽየስ ሊቃውንት መንግሥት ከሕዝቡ ጋር በጥቅም መሻማት አይገባውም ብለው ሞኖፖሉን ሲቃወሙ፣ እርሱ ደግሞ የድንበር መከላከያ ወጪ ከየት ይመጣል በማለት ተሟግቷል። በሶንግ ዘመንም ተመሳሳይ ሂደት ይታያል። በቼንግዱ ከተማ 16 የነጋዴ ቤቶች በጋራ ያወጡት የነበረውን የወረቀት ገንዘብ በ1023 መንግሥት በእጁ አድርጎታል። ነጋዴው ይፈጥራል፣ መንግሥት ይወርሳል፤ ይህ ሂደት በኋለኞቹ ዘመናትም ይደጋገማል።

3. ጨው፣ ድንበርና የንግድ ፈቃድ

የሚንግ ሥርወ መንግሥት በ1368 ሲመሠረት ትልቁ ጭንቀቱ ሞንጎሎችን የሚመክተውን የሰሜን ድንበር ሠራዊት መቀለብ ነበር። በ1370 የተጀመረው ሥርዓት ይህን ሸክም በነጋዴዎች ላይ ጣለ። ነጋዴው እህል አጓጉዞ ለድንበር ጦር ሰፈር ሲያስረክብ የምስክር ወረቀት ይቀበላል፤ በዚያም ወረቀት ከመንግሥት የጨው ማምረቻዎች ጨው ተረክቦ በተወሰነለት ክልል ይሸጣል። ለድንበሩ ቅርብ የነበሩት የሻንሺ ነጋዴዎች ከዚህ ሥርዓት የበለጠ ተጠቃሚ ሆኑ። አንዳንዶቹ የማጓጓዣ ወጪ ለመቀነስ ሲሉ በድንበሩ አካባቢ ገበሬ አስፍረው እህል እስከ ማምረት ደርሰዋል።

በ1492 ነጋዴዎች ከእህል ይልቅ ጥሬ ብር እንዲከፍሉ ሲፈቀድ የንግዱ ማዕከል ከድንበር ወደ ደቡብ፣ የታላቁ የጨው አስተዳደር መቀመጫ ወደ ነበረችው ወደ ያንግጆው ዞረ። በዚህ ጊዜ ለያንግጆው የሚቀርቡት የኋይጆው ነጋዴዎች ጎልተው ወጡ። በ1617 ደግሞ ጨው የመነገድ መብት በመዝገብ ለሰፈሩ ቤቶች ተሰጥቶ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሆነ። ይህ መዝገብ የቻይናን ታላላቅ ሀብታሞች ፈጠረ። ጨው ያለ እርሱ መኖር የማይቻል ሸቀጥ ነው፤ የሚሸጡት ጥቂቶች ሲሆኑ ደግሞ ትርፉ እርግጠኛ ነው።

መንግሥት ግን ይህን ትርፍ በነጻ አልተወውም። በሆ ፒንግቲ ጥናት መሠረት የያንግጆው የጨው ነጋዴዎች ከ1738 እስከ 1804 ባሉት ዓመታት ብቻ ለጦር ዘመቻ፣ ለወንዝ ሥራና ለመሳሰሉት ከ36 ሚሊዮን ቴል በላይ ጥሬ ብር ለመንግሥት አበርክተዋል። ስጦታው በይፋ በፈቃደኝነት የሚሰጥ ቢሆንም፣ ፈቃዱን የሰጠው አካል ሲጠይቅ እምቢ ማለት እንደማይቻል ለሁለቱም ወገን ግልጽ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ ስድስት ጊዜ ወደ ደቡብ ባደረጋቸው ጉዞዎች ነጋዴዎቹ የአትክልት ሥፍራዎችን አስውበው ተቀብለውታል። እርሱም የክብር ማዕረግ ሰጥቷቸዋል።

4. የኋይጆው ነጋዴዎች፦ ገንዘብን ወደ ክብር የመለወጥ ጥበብ

ኋይጆው በዛሬዋ አንሁዌይ ክፍለ ሀገር ደቡብ የሚገኝ፣ ስድስት ወረዳዎችን ያቀፈ ተራራማ አውራጃ ነበር። የሚታረሰው መሬት ለሕዝቡ አይበቃም ነበር። ስለዚህ ወንዶቹ በወጣትነታቸው ሻይና እንጨት ይዘው ከአገራቸው ይወጡ ነበር። ቀጥሎም በጨውና በመያዣ ብድር ንግድ ተሠማሩ። በ1570 የታተመው የኋይጆው ነጋዴ የሁዋንግ ቢየን የመንገዶች መጽሐፍ የአገሪቱን የየብስና የውኃ መንገዶች በዝርዝር የሚያስረዳ ሲሆን፣ የነጋዴው ዕውቀት ለጽሑፍ የበቃ መሆኑን ያሳያል።

የኋይጆውን ነጋዴ ከሌላው የሚለየው ትርፉን ያዋለበት መንገድ ነው። ሦስት ዋና ዋና መንገዶችን መለየት ይቻላል። የመጀመሪያው የዘር ሐረግ ነው። ነጋዴው በተሳካለት ጊዜ ለአያት ቅድመ አያቶች መታሰቢያ የሚሆን አዳራሽ ያሠራል፤ ለዘመዶች የጋራ መተዳደሪያ መሬት ይገዛል፤ የትውልድ መዝገብ ያሳትማል። ይህ ወጪ ብቻ አልነበረም። የዘር ሐረጉ በበኩሉ ለንግዱ መነሻ ገንዘብ፣ ታማኝ ጸሐፊና በሩቅ ከተማ የሚቀበል ዘመድ ያቀርብ ነበር።

ሁለተኛው መንገድ ትምህርት ነው። በታንግ ዘመን ነጋዴዎች ከመንግሥት የሹመት ፈተና የተገለሉ ነበሩ። በሚንግና በቺንግ ዘመን ግን ይህ መሰናክል ተነሥቶ፣ ከትውልድ አገራቸው ርቀው ለሚኖሩ የጨው ነጋዴዎች ልጆች የተለየ የፈተና መዝገብ እስከ መከፈት ደርሷል። ከኋይጆው የነጋዴ ቤተ ሰብ የተወለደው ዋንግ ዳዎኩን በ1547 ከፍተኛውን ፈተና አልፎ የጦር ሚኒስቴር ምክትል ሚኒስትር ሆኗል፤ በብዕሩም የነጋዴዎችን የሕይወት ታሪክ እየጻፈ ሙያቸውን አክብሯል። ፈላስፋው ዋንግ ያንግሚንግም በ1525 ፋንግ ሊን ለተባለ ነጋዴ በጻፈው የመቃብር መታሰቢያ አራቱ የሕዝብ ክፍሎች በሥራ ቢለያዩም የሚከተሉት የሥነ ምግባር መንገድ አንድ ነው የሚል አሳብ አቅርቧል። የመታሰቢያ ጽሑፍ ለነጋዴ መጻፉ በራሱ የዘመኑን ለውጥ ይመሰክራል።

ሦስተኛው መንገድ ለኪነ ጥበብና ለበጎ አድራጎት የሚውል ስጦታ ነው። ወንድማማቾቹ ማ ዩዌግዋንና ማ ዩዌሉ በያንግጆው ያቋቋሙት ቤተ መጻሕፍት የሊቃውንት መሰብሰቢያ ነበር። መንግሥት በ18ኛው መቶ ዓመት ታላቁን የመጻሕፍት ስብስብ ሲያዘጋጅ ይህ ቤተ ሰብ ብዙ ብርቅ መጻሕፍትን አበርክቷል። በ1790 ለንጉሠ ነገሥቱ 80ኛ የልደት በዓል ወደ ቤጂንግ የዘለቁት የአንሁዌይ የቴአትር ቡድኖች ያደጉት በጨው ነጋዴዎች ድጋፍ ሲሆን፣ ከእነርሱም ጥበብ የቤጂንግ ኦፔራ ተወልዷል። በታንግዩዌ መንደር እስከ ዛሬ ቆመው ከሚታዩት ሰባት የድንጋይ መታሰቢያ ቅስቶች አንዱ ለባዎ ቤተ ሰብ የጨው ነጋዴዎች በጎ አድራጎት የተሠራ ነው።

እነዚሁ ቅስቶች ግን የክብሩን ዋጋም ያስታውሳሉ። ከሰባቱ ሁለቱ የቆሙት ባሎቻቸው ከሞቱ በኋላ ሳያገቡ ለኖሩ ሴቶች ነው። ወንዱ ለዓመታት በሩቅ ከተማ ሲነግድ ሽማግሌ የሚጦረው፣ ልጅ የሚያሳድገውና ቤት የሚያቆመው የሴቲቱ ጉልበት ነበር። የኋይጆው የዘር ሐረጎች በትውልድ የሚተላለፍ ግዴታ ያለባቸውን አገልጋዮችም በእርሻና በንግድ ያሠሩ ነበር። በ1727 ንጉሠ ነገሥት ዮንግጀንግ የእነዚህን ሰዎች ነጻ መውጣት የሚመለከት ዐዋጅ ማውጣቱ የችግሩን ስፋት ያሳያል። የነጋዴው ከፍታ የሌሎችን ዝቅታ መሠረት አድርጎ የተገነባ ነበር ማለት ይቻላል።

5. የሻንሺ ነጋዴዎች፦ መተማመንን ወደ ተቋም የመለወጥ ጥበብ

የሻንሺ ነጋዴዎች ከዚህ የተለየ ጎዳና ተከትለዋል። በ1724 ሊዩ ዩዪ የተባለ ባለሥልጣን ለዙፋኑ ባቀረበው ሪፖርት በሻንሺ ብልሆቹ ልጆች ወደ ንግድ፣ ደከም ያሉት ደግሞ ወደ ትምህርት እንደሚላኩ አመልክቷል፤ ንጉሠ ነገሥቱም ይህንኑ እንደሚያውቅ መልሷል። የአራቱ ክፍሎች ቅደም ተከተል በዚህ አውራጃ በተግባር ተገልብጦ ነበር።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ የላቀው የሐዋላ ቤት ነው። በፒንግያዎ ከተማ አንድ የቀለም ንግድ ቤት በየከተማው ባሉት ቅርንጫፎቹ አማካይነት ለሌሎች ነጋዴዎች ገንዘብ ማስተላለፍ ከጀመረ በኋላ፣ በ1823 ገደማ ርሸንግቻንግ በሚል ስም ወደ ሐዋላ ተቋምነት ተለወጠ። ከዚያ በፊት ጥሬ ብር በበቅሎና በጋሪ ተጭኖ በታጠቀ አጃቢ ይጓጓዝ ነበር። አሁን ግን በአንድ ከተማ የተከፈለ ገንዘብ በወረቀት ብቻ በሌላ ከተማ ይወሰዳል። ወረቀቱ እንዳይጭበረበር ምስጢራዊ የቃላት ኮድ ነበረው።

አደረጃጀቱም ልዩ ትኩረት ይገባዋል። ድርሻ ሁለት ዓይነት ነበር፤ አንደኛው ባለሀብቱ ላወጣው ጥሬ ብር፣ ሁለተኛው ደግሞ ሠራተኛው ለሚያበረክተው ጉልበትና ችሎታ የሚሰጥ ነው። ወጣቱ በዋስ ይቀጠራል፤ በተለማማጅነት ያገለግላል፤ ታማኝነቱ ሲረጋገጥ ከትርፉ ድርሻ ይታሰብለታል። ባለቤቱ ዕለታዊ አመራሩን ለሥራ አስኪያጁ ይተዋል። በዚህም ሳቢያ ሀብት የሌለው የገበሬ ልጅ የትልቅ ተቋም መሪ የሚሆንበት ዕድል ተከፈተ። ቤቶቹ የሻንሺ ተወላጅ የሆነውን ጀግና ጓን ዩን የታማኝነት ምሳሌ አድርገው ያከብሩት ነበር፤ ከሕግ አስቀድሞ ውልን የሚያስከብረው ይህ የጋራ እምነት ነበር።

6. የአገር ልጆች ማኅበራትና የከተማ ሕይወት

ነጋዴዎች በገቡበት ከተማ ሁሉ የአገር ልጆች አዳራሽ ያቆሙ ነበር። አዳራሹ ማደሪያ፣ የአምልኮ ሥፍራ፣ የስብሰባ ቦታና ፍርድ ቤት በአንድነት ነው። በባዕድ አገር የሞተው ሰው አስከሬን ወደ ትውልድ ቀየው እስኪመለስ ድረስ ማቆያ ያዘጋጃል። የጋራ ሚዛንና መስፈሪያ ይወስናል፤ ጠብ ያስታርቃል። በያንግዜ ወንዝ ዳር በምትገኘው ሃንኮው የኋይጆው ነጋዴዎች የአውራጃቸው ተወላጅ ተብሎ ለሚቆጠረው ለታላቁ ሊቅ ጁ ሺ መታሰቢያ የሚሆን ትምህርት ቤት መሥርተው፣ በዙሪያው መንገድና የወደብ ማራገፊያ አሠርተዋል። ሮው እንዳሳየው በ19ኛው መቶ ዓመት እነዚህ ማኅበራት ለመላው ከተማ የእሳት መከላከያና የችግረኞች እርዳታ እስከ ማደራጀት ደርሰዋል።

እዚህ ላይ የቬበር አስተያየት መስተካከል ይገባዋል። በጽሑፍ የሰፈረ የከተማ መብት ባይኖርም በተግባር የሚሠራ አስተዳደር ነበር። ይሁንና የሮውም መደምደሚያ በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባል፤ ማኅበራቱ የሚሠሩት ሹማምንቱ ስለፈቀዱላቸው ነበር፤ ፈቃዱ ሲነሣ የሚያስከብሩበት ሕግ አልነበራቸውም።

7. የመንግሥቱ መዳከምና አዲሱ የነጋዴ ድምፅ

የዚህ ጥገኝነት አደጋ በ19ኛው መቶ ዓመት ተገለጠ። ከ1757 ጀምሮ ከምዕራባውያን ጋር የሚደረገው የባሕር ንግድ በጓንግጆው ከተማ ፈቃድ ለተሰጣቸው ጥቂት ነጋዴዎች ብቻ ተወስኖ ነበር። ከእነርሱ አንዱ የነበረው ዉ ቢንግጂየን (1769–1843) በ1834 ሀብቱ 26 ሚሊዮን የብር ዶላር እንደሚደርስ ተገምቷል። ሆኖም ነጋዴዎቹ አንዱ ለሌላው ዕዳ ተጠያቂ ነበሩ፤ ለባዕዳኑም ጠባይ ዋስ ነበሩ። በ1842 የናንጂንግ ውል መብታቸውን ሲሽር፣ ቻይና እንድትከፍል ከተወሰነባት 21 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ 3 ሚሊዮኑ የእነርሱ ዕዳ ነበር።

በጨው ንግድም በ1832 ታዎ ጁ የተባለው አገረ ገዥ በውርስ የሚተላለፈውን መብት በአንድ ክልል ሽሮ ማንኛውም ነጋዴ ትኬት ገዝቶ ጨው እንዲሸጥ ፈቀደ። በ1853 የታይፒንግ ዐማፅያን ያንግጆውን ያዙ፤ ኋይጆውም በጦርነቱ ክፉኛ ተጎዳ። በዚያው ዓመት የተጀመረው የመንገድ ቀረጥ በየኬላው ነጋዴውን ያስጨንቀው ጀመር። የመንግሥትን ገንዘብ እስከ ማስተላለፍ የደረሱት የሻንሺ የሐዋላ ቤቶች ደግሞ ሥርወ መንግሥቱ በ1911ዱ አብዮት ሲወድቅ አብረው ተናግተዋል።

ከዚህ ፍርስራሽ መካከል አዲስ ዓይነት ተጽዕኖ ብቅ አለ። መንግሥት በ1903 የንግድ ሚኒስቴር አቋቁሞ በ1904 የንግድ ምክር ቤቶች እንዲመሠረቱ በሕግ ፈቀደ። በቀጣዩ ዓመት አሜሪካ በቻይናውያን ስደተኞች ላይ የጣለችውን የመግቢያ ክልከላ በመቃወም የሻንግሃይ ንግድ ምክር ቤት የአሜሪካ ሸቀጥ እንዳይገዛ ጥሪ አቀረበ፤ ጥሪው ወደ ብዙ ከተሞች ተዳረሰ። ነጋዴዎች መንግሥትን ሳይጠብቁ በአገር ጉዳይ ላይ በጋራ የተናገሩበት ታላቅ አጋጣሚ ይህ ነው። በዚያው በ1905 የሹመት ፈተናው ተሻረ፤ ገንዘብን ወደ ክብር የሚያደርሰው አሮጌው በርም ተዘጋ። በ1894 በከፍተኛው ፈተና አንደኛ የወጣው ጃንግ ጂየን (1853–1926) ሹመቱን ትቶ በናንቶንግ የጥጥ ፋብሪካ ማቋቋሙ፣ በትርፉም ትምህርት ቤትና ሙዚየም መክፈቱ የዘመኑን መገለባበጥ ያሳያል። ቀድሞ ነጋዴው ሊቅ ለመሆን ይጥር ነበር፤ አሁን ሊቁ ነጋዴ ሆነ።

8. ማጠቃለያ

ከዚህ ንጽጽር ሦስት ነጥቦችን ማውጣት ይቻላል። አንደኛ፣ በመጽሐፍ የተጻፈው የማኅበራዊ ደረጃ ቅደም ተከተል የኑሮው ትክክለኛ መስተዋት አይደለም፤ የሻንሺ ምሳሌ እንደሚያሳየው በአንዳንድ አውራጃዎች የተገላቢጦሽ ነበር። ሁለተኛ፣ የነጋዴ ተጽዕኖ የጸናው ገንዘብ ወደ ተቋም በተለወጠበት ቦታ ነው። የኋይጆው ነጋዴዎች በዘር ሐረግና በትምህርት፣ የሻንሺ ነጋዴዎች በሐዋላ ቤትና በድርሻ ሥርዓት ከአንድ ሰው ዕድሜ የሚሻገር ሥራ ሠርተዋል። ሦስተኛ፣ የሀብቱ ምንጭ ፈቃድ በሆነበት ሁኔታ ክብሩም በፈቃድ የሚቆይ ነበር። ነጋዴዎቹ መንግሥትን ሊያግዙት፣ ሊያስጌጡት፣ በብዙ ነገርም ሊተኩት ችለዋል፤ ሊገቱት ግን አልቻሉም።

ወደፊት ሊጠና የሚገባው የዚህ ታሪክ ሌላው ገጽ ነው። በኋይጆው በብዛት ተጠብቀው የቆዩት የውል ሰነዶች፣ የሒሳብ መዝገቦችና ደብዳቤዎች ስለ ታላላቆቹ ነጋዴዎች ብቻ ሳይሆን ስለ ተለማማጆቹ፣ ስለ አገልጋዮቹና ቤት ጠብቀው ስለቀሩት ሴቶች ይናገራሉ። የነጋዴው ተጽዕኖ ሙሉ መልክ የሚታየው እነዚህም ሰዎች ከሒሳቡ ውስጥ ሲገቡ ነው።